የደስበለ ባትሪዎች

ሦስት ሰዎች ቅዳሜ ቅዳሜ ቤታችን እየመጡ ባትሪ ይመረምሩ ነበር። ያኔ ስምንት ዓመቴ ነበር። የመንግሥት ሰዎች መሰሉኝ።

አልነበሩም። ሽማግሌዎች ነበሩ። የመጡት አክስቴን ፀዲን ለደስበለ ሊጠይቁ ነው። እናንተ ይህን ከአሁኑ እወቁት። እኔ ነገሩ ሊያልቅ እስኪል ድረስ አላወቅኩም።

ሽማግሌ ስል ደግሞ ሽበት እንዳይታያችሁ። ያኔ ሲያትል ውስጥ የነበረው አበሻ ጥቂት ነው፤ እሱም በሱዳን በኩል የመጣ ወጣት ሁሉ። ሽማግሌ ቢፈለግ አይገኝም። ስለዚህ በሹመት ሆነ። አበጀ ሆቴል ውስጥ ሰሃን ያጥባል፤ ራሱ መመለጥ ስለጀመረ ዋና ተደረገ። ልዑልቃል ተማሪ ነው፤ ከረባት ስላለው ገባ። ሦስተኛ ወንድ ጠፋ። የቀሩት ወይ ከአባቴ ጋር ተኳርፈዋል፣ ወይ ቅዳሜ ሥራ ገቢ ናቸው። የአረጋውያን መጦሪያ የምትሠራው ነጂባ «እኔ አለሁ» አለች።

«ሴት ሽማግሌ ደግሞ የት አገር ነው ያለው?» አሏት።

«አሁን የት አገር ነን?» አለች።

እኔ ያየኋቸው ሦስት አዛውንት ናቸው። አሁን ሳሰላው፣ ከሁሉም የሚበልጠው አበጀ ሠላሳ አራት ዓመቱ ነበር። ዛሬ ከዚያ የሚበልጥ ዕድሜ ያለው ካፖርት አለኝ።

የምንኖረው ኮሎምቢያ ሲቲ በሚባለው የከተማው ሰፈር ነበር፣ ሬኒየር መንገድ ላይ፣ ከጫማ ጠጋኝ ሱቅ በላይ። አባቴ ወንዳፍራሽ፣ እህቱ ፀዲ፣ እኔ። እናቴ ወረቀቷ ስላላለቀ ካርቱም ቀርታለች። አክስቴ ጠዋት ትወጣለች፤ የመኝታ ከረጢት የሚሰፋበት ፋብሪካ ትሠራለች። አባቴ ማታ ማታ መሀል ከተማ ፎቅ ያጸዳል። እሷ ስትገባ እሱ ይወጣል። ደረጃ ላይ ይተላለፋሉ፤ የቤቱን ወሬ የሚነጋገሩትም እዚያው ደረጃው ላይ ነው።

አባቴ ብዙ አይናገርም። አንዴ ከተናገረ ደግሞ አይመልስም።

በመጀመሪያው ቅዳሜ በሩ ተንኳኳ። አክስቴ ማዕድ ቤት ሰሃን እያጠበች ነበር። ቧንቧውን ዘጋች። ሰሃን ሳትጨርስ ቧንቧ ስትዘጋ አይቻት አላውቅም።

«ግቡ። ተቀመጡ» አለ አባቴ።

«አንቀመጥም» አለ አበጀ። ሙሉ ልብሱ ትከሻው ላይ ሰፍቶታል፤ የሰው ነው። በእጁ ጃንጥላ ይዟል። በዚህ ከተማ ዝናብ ሁሉም በቆብ ነው የሚያልፈው፤ ጃንጥላ የሚይዝ እንግዳ ነው። እሱ ግን የያዘው እንደ ዘንግ ሊመረኮዘው ነው።

ይኸው አበጀ ሐሙስ ዕለት አባቴን «አንተ ወንዴ፣ ሲጋራ አለህ?» ብሎት ነበር። ቅዳሜ ግን «አቶ ወንዳፍራሽ፣ እንደምን ሰነበቱ?» አለው።

አባቴም «እግዚአብሔር ይመስገን፤ እርስዎስ?» አለ።

ደነገጥኩ። ሙሉ ልብስ የለበሰ ሰው አንቱ ይባላል ማለት ነው ብዬ ያዝኩ። እኛን ያስመጣን መሥሪያ ቤት ሰዎችም ሙሉ ልብስ ነበራቸው። እነሱም ቤታችንን ያዩት ቆመው ነው።

አበጀ ንግግር ጀመረ። ስለ ጥሩ ዘር ተናገረ። ስለ ጥሩ መሬት ተናገረ። አጥር ለአጥር ስለተያያዙ ቤቶች ተናገረ። እርሻ ሊያርስ ነው ብዬ ጠበቅኩ። በመጨረሻ «ልጃችን ደስበለ» አለ።

ደስበለን አውቀዋለሁ። ወላጆቹ ከአስመራ፣ እሱ ያደገው አዲስ አበባ። የመኪናውን የኋላ ኮፈን ከፍቶ ካልሲ፣ ማበጠሪያ፣ የግድግዳ ሰዓት ይሸጣል። በአዲስ ዓመት በዓል የእጅ ባትሪ አምጥቶ ነበር፤ ጣት የምታህል፣ አንድ የባትሪ ድንጋይ የምትጎርስ። ማሸጊያዋ ላይ ሠላሳ ሰዓት ትበራለች የሚል ተጽፏል። ደስበለ አንዷን ከፍ አድርጎ፣ ሕዝብ ፊት፣ «ሠላሳ ሰዓት ካልበራች ስሜን ቀይሩት!» ብሎ ምሎ ነበር። ሰው ሳቀ፤ ገዛ። አባቴ አልሳቀም፤ አልገዛምም።

«ያ ባትሪ ነጋዴው?» አለ አሁን አባቴ።

«እሱ ነው» አለ አበጀ።

«ሠላሳ ሰዓት ብሎ የማለው?»

«እንዴታ» አለ ልዑልቃል። ከዚህ ሌላ ቃል ሲናገር ሰምቼው አላውቅም።

አባቴ ወደ አበጀ ዞረ። «እኔ ዘሩን አልጠይቅም። ሀብቱንም አልጠይቅም። የምጠይቀው ቃሉን ነው። ስሙን በባትሪ አስይዟል። ባትሪውን አምጡት፤ እዚህ ይብራ። ያለውን ያህል ከበራ ሰውየው ቃል አለው። ካልበራ እዚህ ቤት ደግማችሁ አትምጡ። ምላሼን የምሰጠው ሲጠፋ ነው። ያኔ እንነጋገራለን።»

ሦስቱ ተያዩ። አበጀ ጃንጥላውን ከግራ ወደ ቀኝ አዛወረ። ነጂባ ደረጃውን ወረደች። በመስኮት አየኋት። ደስበለ መኪናውን ማዶ ፓርክ አድርጎ፣ አንገቱን ቀብሮ ተቀምጧል። መስታወቱን አንኳኳች። ሦስት ባትሪ ይዛ ተመለሰች፤ አንድ ሰማያዊ፣ ሁለት ጥቁር።

«ለምን ሦስት?» አለ አባቴ።

«አንዱ ቢዋሽ ሁለቱ ይመስክሩበት» አለች።

ሕጉን አባቴ አወጣ። ቀኑን ሙሉ ባትሪ የሚያበራ ጤነኛ የለም አለ። ስለዚህ ራት ሲቀርብ ይበራል፣ ልጁ ሲተኛ ይጠፋል። ልጁ እኔ ነኝ። መደርደሪያው ላይ ሦስቱን አቆመልኝ፤ አጠገባቸው ባዶ ብርጭቆ አስቀመጠ።

«ምስክሩ አንተ ነህ» አለኝ። «አንድ ሰዓት በሞላ ቁጥር አንድ መኮሮኒ ትጥላለህ። ሠላሳ ሲሆን ሞላ ማለት ነው።»

ሰዎቹ ሲወጡ ነጂባ ጉንጬን ቆነጠጠችኝ። «በርታ ሚኪ። ያንተ ነገር ነው አሁን።»

እኔም የኔ ነገር መሰለኝ። መንግሥት ባትሪያችንን ሊመረምር ነው፤ ከጠፋ ወደ ካርቱም ይመልሱናል አልኩ። ፈራሁ። ከዚያ እናቴ እዚያው መሆኗን አስታወስኩና ትንሽ ተጽናናሁ።

በሁለተኛው ማታ ሦስቱም ቀሉ። ብርሃናቸው ሻይ መሰለ። አክስቴ ሹካዋን አስቀምጣ አየቻቸው።

በነጋታው ጠዋት ካፖርቷን ለብሳ፣ ልትወጣ ስትል፣ እኔ ከምተኛበት ሶፋ አጠገብ ተንበረከከች። ባትሪዎቹን አንድ በአንድ ፈታች። የነበረውን ድንጋይ አወጣች። ከቦርሳዋ አዲስ አውጥታ አጎረሰቻቸው። አሮጌዎቹን ምን እንደምታደርጋቸው ግራ ገባትና፣ የአባቴን ራዲዮ ከፍታ የሱን ድንጋይ አወጣች፤ አሮጌዎቹን እዚያ ከተተች። የራዲዮውን ለመጠባበቂያ ቦርሳዋ ውስጥ አደረገች። ቀና ስትል ዓይኔን አየች።

«ተኛ» አለችኝ።

ተኛሁ። ምንም ክፉ ነገር አላየሁም። ሱዳን፣ ገዳሪፍ ሳለን ፋኖሳችን ውስጥ ማታ ማታ ላምባ የምትጨምረው እሷ ነበረች። ማንም አጭበረበርሽ አላላትም። መብራት ይርበዋል፤ ይበላል፤ ይበራል። መብራትን መፈተን ማለት እያበሉ ማየት ነው ብዬ ነው ያሰብኩት።

የተጎዳው ራዲዮው ነው። አባቴ ሥራ ከመግባቱ በፊት የአማርኛ ዜና ያዳምጣል። በዚያ ሳምንት ዜናው ሹክሹክታ ሆነ። ጆሮውን ለጠፈበት። ቀጥሎ መታው።

«አፈኑት!» አለ። «ደርግ እዚህም ድረስ ደረሰ!»

እኔም ለትምህርት ቤት ጓደኞቼ፣ ደርግ የሚባል ሰው ራዲዮ ያፍናል ብዬ ነገርኳቸው።

አክስቴ ዛሬ ሰባውን አልፋለች። ሁለታችንም ሲያትል አጠገብ ሬንተን ነን፤ ቤቷ ከቤቴ ሩቅ አይደለም። ባለፈው ኅዳር ንፋስ ይመጣል ተብሎ፣ ቤልቪው የሚሠራው ልጄ ትንሽ የእጅ ባትሪ ገዝቶልኝ ሄደ። ሳጥኑ ላይ ሁለት መቶ ሰዓት ይላል። ሳየው ጊዜ ኮል አደረግኩላት።

«አክስቴ፣ ያኔ ድንጋዩን ስንቴ ነው የቀየርሽው?»

«ቆጥሬው ነበር እንዴ? ደመወዜን ግን በልቶታል።»

«ሞላ የተባለው እኮ በመኮሮኒ ነው። እኔ በሐቅ ነው የጣልኩት።»

«አንተ በሐቅ ጣልክ። ያንተ ሐቅ ግን ይዘገያል። አንተ አንድ ስትጥል እኔም አንድ እጥል ነበር።»

«መኮሮኒውንም?»

«ታዲያ? ሠላሳ እስኪሞላ ልሸብት ነው?»

በሁለተኛው ቅዳሜ ሦስቱ መጡ። ቆሙ። መደርደሪያውን አዩ። ባትሪዎቹ እንደ ወተት ነጭ ናቸው።

«ገና ነው» አለ አባቴ።

«እንዴታ» አለ ልዑልቃል።

ወጡ። አባቴ በሩን እንደዘጋ እጅጌውን ሰበሰበና እንቁላል ጠበሰልን። አባቴ እንቁላል የሚጠብሰው ደስ ሲለው ብቻ ነው። ምርመራውን ስላለፍን ነው አልኩ። ዛሬ የማስበው ሌላ ነው። አንድ ሳምንት አተረፈ።

ብርጭቆው የሞላው ከዚያ በኋላ ባለው ሰኞ ማታ ነው። አክስቴ መኮሮኒዎቹን ጠረጴዛ ላይ ደፍታ እንደገና ቆጠረቻቸው። በነጋታው አባቴ ሲወጣ ደረጃው ላይ ያዘችው። በሩ ክፍት ስለነበር ሰማሁ።

«ጋሼ፣ ሠላሳው ሞልቷል።»

«ይበራል?»

«ይበራል።»

«እኔ ያልኩት ሲጠፋ ነው» አለና ወረደ።

አክስቴ ገብታ ባትሪዎቹን አየቻቸው። እስከዚያ ቀን ድረስ እንደ ልጅ ነበር የምታያቸው። ያን ቀን እንደ ዕዳ አየቻቸው። ከዚያ በኋላ ማብላቷን ተወች።

ብዙም አልቆዩ፤ እንደገና ቀሉ። አክስቴ ሽንኩርት እየከተፈች ማንጎራጎር ጀመረች። ነገ ይጠፋል ብላ ነው። እኔ ግን አዘንኩላቸው፤ እየራባቸው ሰው ይዘፍናል?

በነጋታው ከትምህርት ቤት ስመለስ አባቴ መሬት ላይ ተንበርክኮ አገኘሁት። ሲጸልይ መሰለኝ። ፊት ለፊቱ የግድግዳው ማሞቂያ አለ። ማሞቂያው ላይ መሐረብ አንጥፎ ሦስት ድንጋይ አስጥቷል።

«አባዬ፣ ምን እያደረግክ ነው?»

«ፀሐይ እየሞቁ ነው። የደከመ ድንጋይ ፀሐይ ሲሞቅ ነፍስ ይዘራል።»

ወደ መስኮቱ አየሁ። ውጭ ይዘንባል። መጋረጃው ራሱ እርጥብ ይመስላል።

«ፀሐይ የታለ?»

ማሞቂያውን መታ መታ አደረገው። «የዚህ አገር ፀሐይ ይኸው ነው። ግድግዳ ላይ ነው የሚሰቅሉት።»

ፀሐይ የሞቁት ድንጋዮች ለአንድ ማታ ብቻ በሩ። በሚቀጥለው ቀን አባቴ ከካፖርት ኪሱ አዲስ አውጥቶ አጎረሳቸው። ደስ አለኝ። አክስቴ ቢደክማት አባዬ ተተካ አልኩ።

ማታ አበራኋቸው። ነጭ ሆኑ። የአክስቴ እንጉርጉሮ መሀሉ ላይ ተቆረጠ። መጥታ ሰማያዊውን አነሳች። ነቀነቀችው። ጆሮዋ ላይ አደረገችው።

«እውነት ነው እንዴ?» አለች ለራሷ።

ይህንንም በስልክ ጠየቅኳት። ሳቀች፤ ሳሏ እስኪነሳ ሳቀች። «ኮርቼበት ነበር እኮ! ለካ ሳጥኑ እውነቱን ነው፣ ለካ እኔ ነኝ ሰውየውን ያላመንኩት አልኩ። ቃሉ ብረት ነው አልኩ። ከዚያ ደግሞ ተናደድኩ። በገዛ ዕቃው ቆሞ ቀር ሊያደርገኝ ነው!»

ልታጠፋቸው ታገለች። እኔ ስተኛ ካጠፋሁት በኋላ እሷ መልሳ ታበራለች። አንድ ቀን ሰማያዊው ከመደርደሪያው ጠፋ። ማቀዝቀዣ ውስጥ፣ ከቅቤው ጎን አገኘሁት። ለአባቴ አሳየሁት። አባቴ ባትሪውን አየ፣ ማቀዝቀዣውን አየ፣ እኔን አየ። ወስዶ ማሞቂያው ላይ አስቀመጠው።

ባትሪ ማሳደግ ከባድ ነው አልኩ በልቤ። ይበላል፣ ይሞቃል፣ ይቀዘቅዛል። ሕፃን ልጅ ነው።

ሦስተኛው ቅዳሜ ንፋስ ነበር። የኅዳር ንፋስ እዚህ እንዴት እንደሚነሳ የሚያውቅ ያውቀዋል። የሱቁ ሰሌዳ ይንቋቋል፤ ሰፈራችን አጠገብ ባለው ሐይቅ በኩል ያሉት ዛፎች ይጎነበሳሉ። ገና ከሰዓት ሳይገፋ ጨለመ። ሽማግሌዎቹ ረጥበው መጡ። የአበጀ ጃንጥላ ተገልብጦ ዘንግነቱ ቀርቷል።

አባቴ «ሚኪ፣ አብራቸው» አለኝ። አበራሁ። ሦስቱም ቦግ አሉ።

«ይኸው» አለ አባቴ። «ገና ነው። ለሳምንት…»

በሩ ተንኳኳ። ደስበለ ነው። ጸጉሩ ውሃ ያንጠባጥባል።

አበጀ ደነገጠ። «አንተ! ምን ልታደርግ ወጣህ? ላኪ ከሽማግሌ ጋር ይመጣል እንዴ? ውረድ!»

«ይቅርታ አድርጉልኝ» አለ ደስበለ። አበጀን አላየውም፤ የሚያየው አባቴን ነው። «ጋሽ ወንዳፍራሽ፣ ሳጥኑ ይዋሻል። በዚህ ሳምንት ሦስት ሰው ባትሪውን መለሰልኝ። አላመንኩም። እኔም ቤቴ አብርቼ አየሁት። በሁለተኛው ማታ ጠፋ። ሠላሳ ሰዓት ያልኩት የተጻፈውን አንብቤ ነው፤ ሳልሞክር ነው የማልኩት። እርስዎ ጋ ለምን እንደሚበራ አላውቅም። ግን በሳጥን ቃል ሚስት አላገባም።»

ሚስት ሲል ሰማሁ። ማን ሚስት? ባትሪ የሚሸጥ ሰው ሚስት ምን ያደርግለታል? ዞሬ አክስቴን አየኋት። የማዕድ ቤቱ በር ላይ ቆማለች። ፊቷ አመድ መስሏል።

አባቴ በረጅሙ ተነፈሰ። እንደዚያ ሲተነፍስ ሸክም ያወረደ ነው የሚመስለው። «እንግዲህ ራሱ ተናገረ። ቃሉን አልሞላም። እኔም ያልኩትን ብያለሁ። ምላሼ…»

በዚያች ሰዓት መብራት ሄደ። ሬኒየር መንገድ ከዳር እስከ ዳር ጠፋ። ንፋሱ ብቻ ቀረ።

ክፍሉን ያበሩት ሦስቱ ባትሪዎች ናቸው። ሁሉም ሰው ፊቱ ይታያል። የአበጀ ላብ ይታያል። የአባቴ እጅ እንደተዘረጋ ይታያል።

«ቆይ» አለች ነጂባ ቀስ ብላ። «ሰውየው በሁለተኛው ማታ ይጠፋል ይላል። እነዚህ በዓይኔ ፊት ይበራሉ። ሦስተኛ ሳምንታቸው ነው። ወላሂ፣ ይሄ ምን ይባላል?»

ጥያቄው ለምስክሩ ነው ብዬ ጉሮሮዬን ጠረግኩ። እንደ ትምህርት ቤት ቆምኩ።

«እኛ ቤት በደንብ ስለሚበሉ ነው» አልኩ። «መጀመሪያ አክስቴ ታበላቸው ነበር። ሠላሳው ሲሞላ ተወች። ከዚያ አባዬ ያበላቸው ጀመር። ፀሐይም ያሞቃቸዋል።»

ንፋሱ መስኮቱን መታው።

ደግ ነገር የተናገርኩ መስሎኝ ነበር። የሁለቱንም ድካም ተናግሬላቸዋለሁ። ለምን ማንም እንደማያመሰግነኝ አልገባኝም።

መጀመሪያ የፈነዳችው ነጂባ ናት። ግድግዳ ይዛ ሳቀች። ልዑልቃል «እንዴታ» ሊል አፉን ከፍቶ ሳቅ አመለጠው። አበጀ ሽማግሌነቱ ያዘው፤ ከንፈሩን ነከሰ፤ ትከሻው ግን ይንቀጠቀጣል። ደስበለ አልሳቀም። አክስቴን እያየ ነው። አክስቴ ደግሞ አባቴን።

«ጋሼ» አለች። «ከሠላሳው በኋላ አንተ ነበርክ?»

«ከሠላሳው በፊት አንቺ ነበርሽ?»

ተያዩ። አባቴ መጀመሪያ ዓይኑን ሰበረ። ወንበር ስቦ ተቀመጠ። ሽማግሌ ቆሞ ባለቤት ሲቀመጥ ነውር ነው፤ ይህን እሱ ራሱ ነው በኋላ ያስተማረኝ።

«እምቢ እንዳልል ደስበለ ጥፋት የለበትም» አለ። ድምፁ የራዲዮውን ያህል ዝቅ ብሏል። «እሺ እንዳልል ደግሞ ሰው የለኝም። ማታ ሥራ ነኝ። ይሄን ልጅ ማን ያበላዋል? ማን ያስተኛዋል? እናቱ ገና ናት። መቼ እንደምትመጣ የሚነግረኝ የለም። ባትሪው እስኪጠፋ እንኳ ልቆይ ብዬ ነው።»

አባቴን ያኔ ትልቅ ተራራ አድርጌ ነበር የማየው። ሠላሳ አንድ ዓመቱ ነበር። እኔ አሁን ያን ዕድሜ በሃያ ዓመት አልፌዋለሁ። ያን ወጣት ዛሬ ባገኘው አይዞህ እለው ነበር።

«አክስቴ የት ልትሄድ ነው?» አልኩ።

ነጂባ ዓይኗን ጠረገች። «አንድ ሰው ግን ረሳን። ይሄን ያህል ስንመላለስ ልጅቱን የጠየቀ አለ? አንቺስ ፀዲ?»

«እንዲህማ አይጠየቅም» አለ አበጀ። «ደንቡ…»

«ዝም በል አንተ። ጃንጥላህን ጠግን።»

አክስቴ እጇን በሽርጧ አደረቀች። ደረቅ ነበር።

«እኔማ ምላሼን ከሰጠሁ ሰነበትኩ» አለች። «በደመወዜ ድንጋይ የምገዛው ለምን መሰላችሁ?»

ደስበለ ጣራውን አየ። ጣራው ላይ ምንም የለም።

«ግን ጋሼ፣ አንተንም ይሄንንም ልጅ ጥዬ አልወጣም። እናቱ ስትመጣ እሷን አስገብቼ እወጣለሁ። እስከዚያ…» ወደ ደስበለ ዞረች። እስከዚያ ቀን ሰው ፊት ቀጥ ብላ አይታው አታውቅም። «ትጠብቃለህ?»

«እጠብቃለሁ።»

«ስንት ሰዓት ትበራለህ በይው!» አለች ነጂባ።

«እኔ ላይ የተጻፈ ነገር የለም» አለ ደስበለ። «እያያችሁ ቁጠሩ።»

አባቴ ሳቀ። አጭር ነበረች፤ ሳቅ ግን ነበረች። ከዚያ ለሽማግሌዎቹ «ተቀመጡ» አላቸው። ተቀመጡ። እግራቸውን ስላመማቸው ነው ብዬ ትራስ አመጣሁላቸው።

የእናቴ ወረቀት ቶሎ አላለቀም። ያ ክረምት አለፈ፤ ሌላም ተደገመ። ደስበለ ባትሪ መሸጥ ትቶ አውሮፕላን ፋብሪካ ውስጥ መጥረግ ጀመረ። ከሥራው ወጥቶ ከትምህርት ቤት ያመጣኛል፤ በር ይከፍትልኛል፤ አክስቴ ስትገባ ሰላም ብሏት ይወጣል። ወንበሩ ጫፍ ላይ ነው የሚቀመጠው። ከአባቴ ይልቅ የእናቴን ጉዳይ የሚከታተለው እሱ ሆነ። አባቴን በመኪናው እየጫነ ያስመጣን መሥሪያ ቤት ይወስደዋል። እንግሊዝኛው ከአባቴ አይሻልም፤ ግን አይታክተውም። አንድ ጊዜ ጸሐፊዋ «ሚስትህ ናት?» ብትለው፣ «አይደለችም። ግን ካልመጣች ሚስት የለኝም» ብሏት ግራ አጋብቷታል አሉ። በየቀኑ ደረጃውን ሳይጨርስ «ደብዳቤ አለ?» ይላል። እናቴን የሚያውቃት ከአንዲት የደበዘዘች ፎቶ ብቻ ነው።

እኔ በዚያ ሁሉ ጊዜ፣ ይሄ ሰው ለእናቴ ለምን እንደዚህ ይጨነቃል እያልኩ አየው ነበር።

በመጨረሻ ቀኑ ደረሰ። ሲታክ አውሮፕላን ማረፊያ አራታችንም ሄድን። አባቴ ሙሉ ልብስ ተውሷል። አክስቴ እጄን ይዛኛለች፤ እጇ በረዶ ነው። ሰው ይወጣል፣ ይወጣል፣ አያልቅም። ከዚያ አንዲት ቀጭን ሴት አረንጓዴ ሻርፕ ለብሳ፣ በገመድ የታሰረ ሻንጣ ይዛ ወጣችና ቆመች።

አባቴ ባለበት ደረቀ። እኔም አላወቅኳትም።

ከሁላችን ቀድሞ የሮጠው ደስበለ ነው። ሰው እየገፈተረ ሄዶ አንገቷ ላይ ተጠመጠመ። ድምፁን ከፍ አድርጎ አለቀሰ። «መጣሽ! መጣሽ!» ይላል፤ ሌላ ቃል የለውም። እናቴ ሻንጣዋን እንደያዘች፣ በትከሻው ላይ አሻግራ፣ ይሄ ሰው ማነው እያለች በዓይኗ ትጠይቀናለች። አክስቴ እጄን ለቀቀችኝ። ፊቷን በሁለት እጇ ሸፈነች፤ ትስቅ ይሁን ታለቅስ አልለየሁም።

ያኔ ሁሉም ነገር ገባኝ። እንዲህ የሚያለቅስላት ወንድሟ ቢሆን ነው። ተጠጋሁና የኮቱን ጫፍ ያዝኩት።

«አይዞህ አጎቴ» አልኩት።

ያረመኝ የለም።